በዘንገና ጉም ውስጥ የቀመስኩት ብርዝ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ በፍልሰታ ጾም ውስጥ ነው። ሰው ሞትን ለጥቂት ያመለጠበትን ቀን የሚያስታውሰው ደንግጦ ስለነበር ይመስለኝ ነበር። እኔ ግን ያን ቀን የማልረሳው በጣም ደስ ብሎኝ ስለነበር ነው። ድንጋጤው የመጣው በኋላ ነው። ከመጣ ወዲያ ደግሞ ለብዙ ወራት አልለቀቀኝም።

እንጅባራ ውስጥ የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ዳንግላ ነው፤ ወደዚህ የመጣሁት በትዳር ነው። ሱቄ ከመናኸሪያው ብዙ አይርቅም። የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ፣ ያረጀ ሱሪ አጠባለሁ፣ መጋረጃ እዘመዝማለሁ። ስኳር እንዳለብኝ ካወቅኩ ዓመታት አልፈዋል። መጀመሪያ ኪኒን ነበር የምውጠው፤ ኋላ ወደ መርፌ ተዛወርኩ። ጠዋትና ማታ ራሴ እወጋለሁ። ፍሪጅ ስለሌለኝ መድኃኒቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ትንሽ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። የእንጅባራ ብርድ ለዚህ ይመቻል።

መርፌውን ያስጀመረችኝ ነርስ፣ ሲስተር ሰብለ፣ "ከረሜላ ከቦርሳሽ አይለይ፤ ስኳር ሲወርድም አደገኛ ነው" ብላኝ ነበር። ሰምቻለሁ። ግን ስኳር ማለት ለእኔ የሚወጣ ነገር ነው። ሐኪም ቤት በሄድኩ ቁጥር የሚነገረኝ "ወጥቷል" የሚል ነው። ሲወርድ አይቼው አላውቅም። ከረሜላውን ልብስ ሊለኩ የሚመጡ ልጆች በሉት፤ ሲያልቅ አልተካሁትም።

ያን ዕለት ጎረቤቴ የሺ ወንድሟ ሞቶባት ነበር። የሟቹ ቤት ከዘንገና ሐይቅ ወዲያ ያለ መንደር ውስጥ ነው። የእድራችን ሴቶች ጠዋት ተሰባስበን እንሂድ ተባባልን። ተነስቼ እንደ ልማዴ ተወጋሁ። ምግብ ግን አልቀመስኩም።

የንስሐ አባቴ በዚህ ጉዳይ ፈቃድ ከሰጡኝ ቆይተዋል። "አንቺ ሕመምተኛ ነሽ፤ መድኃኒትሽን ስትወስጂ ቅመሺ፣ እግዚአብሔር አይቀየምሽም" ብለውኛል። እሺ ብያለሁ። ነገር ግን በእመቤታችን ጾም፣ ሕፃናቱ እንኳ ሳይቀምሱ ቅዳሴ ሲውሉ፣ ብቻዬን ከመጋረጃ ጀርባ ሆኜ ማላመጥ አልሆነልኝም። ደግሞ በልቤ አንድ ሐሳብ ነበረኝ። ካልበላሁ ስኳሩ ከየት ይመጣል እል ነበር። ጾም ለነፍሴም ለስኳሬም ይጠቅማል ብዬ አምን ነበር። መርፌው ሆዴ ባዶ ሆነም ሙሉ ሆነም ሥራውን እንደሚሠራ አላሰብኩም።

በሚኒባስ ሄድን። ከአስፋልቱ ወርደን በእግር መንገድ ስንገባ ጉሙ ከመሬት አልተነሣም ነበር። ግራና ቀኙ የድንች ማሳ ነው፤ አብቧል። አበባው ነጭ ይሁን ሐምራዊ ጉሙ ውስጥ አይለይም። ከፊት የሚሄዱት ሴቶች ጥቁር ልብሳቸው ብቻ ይታየኛል፤ እግር የላቸውም። በዚያ ጭቃ የሚንሳፈፉ ነበር የሚመስሉት።

ለቅሶ ቤት ስንደርስ ሙሾው ግማሹ በአማርኛ፣ ግማሹ በአገውኛ ነበር። እኔ አገውኛ አልሰማም። የማልሰማውን ቋንቋ እየሰማሁ፣ ላላየሁት ሰው ብዙ አለቀስኩ። ኋላ ንፍሮ በሰፌድ መጣ። ጾመኛው ሁሉ ሰዓት እስኪደርስ ይጠብቃል፤ እኔም አሳለፍኩት። በዚያ ሁሉ ሐዘንተኛ መሃል ተነስቼ "ስኳር አለብኝና የሚቀመስ ስጡኝ" የምልበት አፍ አልነበረኝም። ስመለስ ቤቴ እበላለሁ አልኩ።

ስንመለስ የሺ እዚያው ቀረች። ዝናብ ያዘለ ደመና ስለመጣ ሌሎቹ ሴቶች ሚኒባስ እንዳያመልጣቸው ቸኮሉ። እኔ ጫማዬ ጭቃ ይዞ ከበደኝ። "ሂዱ፣ እደርስባችኋለሁ" አልኳቸው። ጉሙ ዋጣቸው። ድምፃቸው ትንሽ ቆይቶ እሱም ጠፋ።

መጀመሪያ ሙቀት መጣ። በነሐሴ ብርድ ከነጠላዬ ስር ላብ ያጠምቀኝ ጀመር። ደክሞኝ ነው አልኩ። ከዚያ እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ሳለቅስ ስለዋልኩ ነው አልኩ። ከዚያ በኋላ ምንም ማለት የሚያስፈልግ አልመሰለኝም።

መንገዱ በቀርከሃ መሃል ያልፋል። ነፋስ ሲነካው ቀርከሃው እርስ በርሱ ይጋጫል። ያ ድምፅ የስፌት መኪናዬ ድምፅ ሆነብኝ። ብዙ መኪናዎች፣ ብዙ ሴቶች፣ ጉሙ ውስጥ ተቀምጠው የሚሰፉ መሰለኝ። ማን እንደሆኑ ለማየት ቆምኩ። አንዳቸውም ቀና አላሉም፤ ሥራ ላይ ናቸው። ደስ አለኝ።

ጉሙ በአንድ በኩል ገለጥ ሲል ሐይቁ ታየኝ። ዘንገናን ከዚያ በፊት አይቼዋለሁ። ክብ ነው፤ ዙሪያውን ዛፍ ከቦታል፤ ዝም ያለ ውሃ ነው። ያን ቀን ግን ውሃ አልነበረም። ሰው ዘርግቶት የሄደ ጨርቅ ነበር። ቀለሙ ስሙን የማላውቀው ሰማያዊ ነው፤ ሱቄ ገብቶ አያውቅም። ጠርዙ አልተዘመዘመም። ይህ ሁሉ ጨርቅ እንዲሁ ከተተወ ይተረተራል ብዬ አሰብኩ። የእኔ ሥራ እንደሆነም አልተጠራጠርኩም።

ከመንገዱ ወጥቼ ቁልቁል ወረድኩ። ሣሩ ላይ ተቀመጥኩና መርፌ ፍለጋ ነጠላዬን ስዳብስ ቆየሁ። አልቸኮልኩም። ሱቁ፣ ያላደረስኩት ዩኒፎርም፣ የባለቤቴ ሳል፣ ስኳሩ ራሱ፣ ሁሉም ከኮረብታው ማዶ ቀርቷል። እናቴ በልጅነቴ ጸጉሬን ስትሠራኝ በጉልበቷ መሃል ተቀምጬ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። እንደዚያ ነበር የሆንኩት። የእጇ ክብደት ራሴ ላይ ተሰማኝ። ትንሽ ልተኛ አልኩ። ቁልቁለቱ ለውሃው ምን ያህል ቅርብ እንደነበር የነገሩኝ በኋላ ነው።

ፊቴ ላይ ሞቃት ትንፋሽ መጣ። ዓይኔን ስገልጥ ግራጫ ፈረስ ከላዬ ቆሟል። ከጋማው ውሃ ይንጠባጠባል። ከኋላው ሴት ትናገራለች፤ ቋንቋው አይገባኝም፤ ግን ድምፅዋን ስሰማ እየዘመረችልኝ መሰለኝ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ግማሹን የማውቀው እማማ አንጓች ስለነገሩኝ ነው። እማማ አንጓች ከሐይቁ በላይ ባለው መንደር ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ያን ቀን ፈረሳቸው ችካሉን ነቅሎ ስለሄደ እሱን ፍለጋ ነው የወጡት። መጀመሪያ በአገውኛ ጠየቁኝ። ዝም ስላቸው ወደ አማርኛ መለሱት።

"ልጄ፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"

"እየዘመዘምኩ ነው" አልኳቸው አሉ።

"ምኑን?"

ሐይቁን በእጄ አሳየኋቸው።

ከለቅሶ የሚመለሱ ሁለት ሰዎች በላይ በኩል ሲያልፉ ጠሯቸው። አንደኛው አየኝና "ሰክራለች፤ ይተዋት፣ ሲበርድላት ትነሳለች" አለ። ሁለተኛው "ውሃ ዳር ብቻዋን ምን አስቀመጣት? ለክፏት ነው፤ ጠበል ነው የሚያሻት" አለ። እማማ አንጓች ጎንበስ ብለው አፌን አሸተቱ።

"ጠላም አረቄም የለም" አሏቸው። "የጾመኛ አፍ ነው። ይልቅ ወዲህ ያዙልኝ፤ በርዷታል።"

ሰዎቹ ደግፈው እማማ ቤት አስገቡኝ። የስኳር ነገር በማንም ሐሳብ አልመጣም። እማማ ጾማቸውን ሲፈቱ ሊጠጡት ማር በውሃ በጥብጠው ያኖሩት ብርዝ ነበራቸው። እንግዳ በብርድ ሲመጣ የሚሰጡት ሌላ ነገር በቤቱ ስላልነበረ እሱን በጣሳ አቀረቡልኝ። እጄ አልይዝ ሲል እሳቸው ቀና አድርገው ደግፈው በትንሽ በትንሹ አስጎነጩኝ።

መጀመሪያ የተመለሰልኝ ጣዕም ነው። ማር። ቀጥሎ የጣራው ማገር ታየኝ፤ ቀጥሎ በሩ፤ ከበሩ ውጪ የታሰረው ፈረስ። አንድ በአንድ፣ ሰው ዕቃ እየቆጠረ የሚመልስልኝ ያህል፣ ነገሩ ሁሉ ወደየቦታው ገባ። ቀሚሴ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ነበር። ነጠላዬ የለም። መጨረሻ የመጣው እፍረት ነው።

"ጾም ነው እኮ" አልኩ። ከአፌ የወጣው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር። "ጾሜን አስፈቱኝ?"

"እመቤቴ ታያለች። ጠጪ" አሉኝ።

ጨረስኩት። ምን እንደሆንኩ ሲጠይቁኝ ያኔ ገባኝና "ስኳር አለብኝ፤ እሱ ነው" አልኳቸው።

ጣሳውን ከእጄ ወስደው ውስጡን አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው መደቡ ላይ ተቀመጡ።

"የስኳር በሽታ?" አሉ።

"አዎ።"

"የእህቴ ልጅ በእሱ ነው የሞተው፤ እግሩን ቆርጠውት። ማር በዓይኑ እንዳያይ ተብሎ ነበር። እኔ ደግሞ አንቺን ማር አጠጣሁሽ።"

"የለም እማማ፤ ያዳነኝ ማሩ ነው። ወርዶብኝ ነው እንጂ አልወጣብኝም። ሲወርድ መድኃኒቱ ጣፋጭ ነው።"

"ሲበዛም ይገድላል፣ ሲያንስም ይገድላል?"

"አዎ።"

"ታዲያ በምኑ ትኖራላችሁ?"

"በመሃሉ" አልኳቸው።

"መሃሉንስ በምን ታውቁታላችሁ?"

"በመሣሪያ ይለካል።"

"አለሽ?"

"የለኝም።"

ምድጃው ላይ የተቀቀለ ድንች ነበር፤ ልጠው በበርበሬ አቀረቡልኝ። እሳቸው ሰዓታቸውን እየጠበቁ እኔን ሲያበሉ ዓይናቸውን ከፊቴ አላነሱም። ምግብ ለእንግዳ የሚያቀርብ ሰው አስተያየት አልነበረም። አሁን ትወድቃለች፣ አሁን ትሞታለች ብሎ የሚጠብቅ ሰው አስተያየት ነበር። ደጋግሜ ደኅና ነኝ አልኳቸው። እስከ አስፋልቱ በፈረሱ አደረሱኝ። ሚኒባስ ስገባ እጃቸው የፈረሱ አንገት ላይ ነበር፤ ሲያዩኝ ቆሙ።

ቤቴ ደርሼ ለባለቤቴ ምንም አልነገርኩትም። ማታ ግን መርፌውን ሳነሳ እጄ ተንቀጠቀጠ። ያኔ ስኳሬ አልወረደም ነበር፤ ፈርቼ ነው። ያን ደስታ አስታወስኩት። የሚያስፈራው እሱ ነበር። ሕመም ቢሆን ኖሮ እጮህ ነበር፤ ሰው ይሰማኝ ነበር። ሞት ግን እንደ እናቴ እጅ ራሴ ላይ ሲያርፍ እኔ ተመቻችቼ ልተኛለት ነበር።

ከዚያን ቀን ወዲህ መርፌውን ቀነስኩት። ለማንም ሳልናገር፣ በዓይኔ ግምት፣ ከታዘዘልኝ ትንሽ ዝቅ አድርጌ እቀዳለሁ። ገበያ የምወጣ ከሆነ ጨርሶ እተወዋለሁ። ሻዬ ላይ ስኳር ጨመርኩ። ከመተኛቴ በፊት ዳቦ እበላለሁ። ትንሽ ላብ ካላበኝ፣ ቀለል ካለኝ፣ በፀሐይም ይሁን በሥራ፣ ፈጥኜ ከረሜላ አፌ ውስጥ እጥላለሁ። ስኳሬ ከፍ ሲል ሰውነቴ ይከብዳል፤ ውሃ ይጠማኛል። ያ ክብደት ደስ ይለኝ ጀመር። ከብዶኛል ማለት እዚህ ነኝ ማለት ነው።

ክትትሌ ላይ በሄድኩ ቁጥር ቁጥሩ ወደ ላይ ነው። ሲስተር ሰብለ ወረቀቱን አይታ "ምን እየበላሽ ነው?" ትለኛለች። "ምንም" እላለሁ። ለዶክተሩ ታሳያለች፤ መርፌው ይጨመርልኛል። እኔ ቤቴ ገብቼ የተጨመረውን ያህል እቀንሳለሁ።

አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተራ ስንጠብቅ ሰው ያወራል። ከአዲስ ቅዳም በኩል የሚመጡ አንድ ከሰል አክሳይ ነበሩ። "የከሰል ክምር ትቼ ምሳ አልሄድም" አሉኝ። "እሳት ካወጣ ድካሜ ሁሉ አመድ ነው። የምበላበትን ሰዓት የሚወስነው ክምሩ ነው። እነሱ ደግሞ በሰዓትህ ብላ፣ በሰዓትህ ተወጋ ይሉኛል።" ከአጠገባቸው የተቀመጠች ሴት መንገድ ተዘግቶ መድኃኒቷ ሊያልቅባት ሲል የቀረቻትን በትንሽ በትንሹ እያካፈለች ስትወጋ እንደቆየች ነገረችኝ። ያ ካለፈ በኋላም እንዳታልቅብኝ እያለች ማካፈሉን አልተወችም። ይህን ሁሉ እርስ በርሳችን እንነጋገራለን። በሩ ተከፍቶ ገብተን "ስኳርህ ለምን አልወረደም? ስኳርሽ ለምን አልወረደም?" ስንባል ግን የሁላችንም መልስ አንድ ነው፤ "እንጃ።"

ከዚያ ተራው የዓይኔ ሆነ። ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት አቃተኝ። ቀዳዳው ሁለት ይሆንብኛል። አንዲት ደንበኛዬ የሰፋሁላትን ቀሚስ መልሳ አመጣች። ስፌቱን ወደ ብርሃን አዞረችልኝ። መንገዱን ስቶ እንደ ጉንዳን ሲዞር ነበር። እሷ ስትሄድ ሱቄን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ልብስ ሰፊ ዓይኗ ከሄደ ምን ትሆናለች?

በታኅሣሥ ሲስተር ሰብለ ጋ ስገባ ዓይኔን ነገርኳት። ወረቀቱን አይታ መርፌው እንደገና ይጨመር ልትል ብዕሯን አነሳች። ከዚያ ምን እንዳሰበች አላውቅም፤ መልሳ አስቀመጠችው።

"ወርዶብሽ ያውቃል እንዴ?" አለችኝ።

ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ዘንገናን ነገርኳት። ጨርቁን፣ መርፌ ፍለጋውን፣ ፈረሱን፣ ብርዙን። ተራ የሚጠብቅ ሰው በሩን ሲያንኳኳ "ትንሽ ቆዩ" አለች። ከዚያ ስንት እንደምወጋ ጠየቀችኝ። እውነቱን ነገርኳት።

ፊቷ ተለወጠ። "እኔ የታዘዘልሽን የምትወስጂ መስሎኝ ነበር" አለች ቀስ ብላ። "አልበቃት እያለ ነው ብዬ። አሁን የተጻፈልሽን ሁሉ አንድ ቀን እሺ ብለሽ ብትወጊው ኖሮ…"

አልጨረሰችውም። እኔም እንድትጨርሰው አልፈለግኩም።

ከዶክተሩ ጋር ሆነው ከመጀመሪያው ጀመሩልኝ። መጠኑ ወረደ፤ እኔ ሳልደብቅ የምወስደው ሆነ። ለጾም ጊዜ ሌላ መጠን አደረጉልኝ፤ የንስሐ አባቴ የፈቀዱትን እንድቀበልም ሲስተር አጥብቃ ነገረችኝ። ማታ ለባለቤቴ ሁሉንም አወራሁት። ባሕር ዳር ሄዶ ሲመለስ መለኪያ መሣሪያ ይዞልኝ መጣ። አሁን የወረደብኝ ሲመስለኝ ጣቴን ወግቼ አየዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ፍርሃት ብቻ ነው።

በጥር እዚሁ ከተማ ለቅሶ ላይ ነበርኩ። ሰዓቴ ሲደርስ ተነሳሁና ምግብ ወደሚሠራበት ጓሮ ሄጄ "ስኳር አለብኝ፤ አሁን መቅመስ አለብኝ" አልኩ። ሴቶቹ ወዲያው ሰጡኝ። ቆሜ ስበላ የእድራችን ዳኛ፣ ሁላችንም የምንፈራቸው ትልቅ ሰው፣ ከኋላዬ መጡ። ግራ ቀኝ አዩ። "ለእኔም ትንሽ" አሉ። ጎን ለጎን ቆመን በላን። ስኳር ከያዛቸው ስንት ዓመት እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም።

ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት እማማ አንጓችን ልጠይቅ ሄድኩ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። በጭጋግ የሄድኩበት መንገድ እንደዚያ አጭር መሆኑ ገረመኝ። በረታቸውን ሲጠርጉ ደረስኩ። መጥረጊያውን ይዘው ቀጥ ብለው አዩኝ።

"አንቺ ነሽ?" አሉ።

"እኔ ነኝ።"

መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው እጄን ያዙ፤ ከዚያ ክንዴን፣ ከዚያ ፊቴን። ሥጋ መሆኔን የሚያረጋግጡ ይመስሉ ነበር።

"ሞተሻል ብዬ ነበር" አሉኝ። "በመንገድ ያለፈውን ሰው ሁሉ ጠይቄያለሁ። ስምሽን አላውቅ፣ ልብስ ሰፊ ናት እላለሁ፤ ማንም አያውቅሽም።"

ያን ቀን ያልኳቸውን አላመኑኝም ነበር። እንዳይደነግጡ ብዬ የተናገርኩት መስሏቸዋል። ከሄድኩ በኋላ ሦስት ቀን እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። ኋላ ለንስሐ አባታቸው "ለበሽተኛ ሰው መርዟን አጠጣሁ" ብለው ተናዘዙ። ካህኑ ሳያውቁ ያደረጉት ነው ቢሏቸውም እሳቸው ቀኖና ካልሰጡኝ ብለው አለቀሱ። ስግደት ሰጧቸው። ከፍልሰታ እስከዚያ ቀን ድረስ እማማ አንጓች ስለ እኔ ሲሰግዱ ከርመዋል።

እንደገና አስረዳኋቸው። አንገታቸውን ይነቀንቃሉ እንጂ አላመኑም። ሲስተር ሰብለ ጋ ልደውል ስል ኔትወርክ አልነበረም። ተያይዘን ከቤቱ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ወጣን። እሳቸው ሲወጡ በሁለት እጃቸው ጉልበታቸውን እየደገፉ ነበር። ስልኩ ሲነሳ ሰጠኋቸው።

"እናቴ" አለች ሲስተር፤ ድምፅዋ ለእኔም ይሰማል። "ያን ቀን እርስዎ ያን ማር ባያጠጧት ይቺ ሴት ዛሬ አትኖርም ነበር።"

እማማ ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙት። "ሐኪም ነሽ?" አሏት።

"ነርስ ነኝ።"

"አትዋሺኝም?"

"አልዋሽዎትም።"

ስልኩን መለሱልኝ። ሐይቁን ሲያዩ ቆዩ። ውሃው ፀሐይ ላይ ነበር። ዕንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

"እንግዲህ የሰገድኩትን ምን ላድርገው?" አሉኝ።

"እኔ ልውሰደው" አልኳቸው።

"ውሰጂው። የሚያስፈልገው ለአንቺ ነው።"

ቁጥሬ አሁንም ሲስተር ከምትፈልገው ቦታ አልደረሰም። እየቀረበ ነው። ዓይኔ ሻል ብሎኛል፤ ክሩን በመነጽር አስገባለሁ። አንዳንድ ቀን ስሰፋ ያ ቀለል የማለት ነገር ከየትም ይመጣና የመኪናው ድምፅ ይርቀኛል። ያን ጊዜ ደስታው ቁጭ በይ፣ ትንሽ ቆዪ ይለኛል። አሁንም ያምራል፤ አይካድም። ግን ልለካ እነሳለሁ። የሚያስነሳኝ ፍርሃት አይደለም። እማማ አንጓች ስሜን እንኳ ሳያውቁ፣ እኔ በሕይወት ልኑር አልኑር ሳያውቁ፣ ጎህ ሲቀድ ስለ እኔ ወደ መሬት ዝቅ ሲሉ፣ ከዚያ ጉልበታቸውን ይዘው ሲነሱ ይታዩኛል። እሳቸው ያን ሁሉ ጊዜ ከተነሱ እኔ ከወንበሬ መነሳት አያቅተኝም እላለሁ።